ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና

ኔጎኒ፣ ሚሺጋን
እሑድ፣ አፕሪል 6 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለአይሊ፣

አንቺም፣ ትንሿ ማሪሶልም፣ ያ ቃሪያ እንደ ዳቦ የሚገምጠው ባልሽም ሰላም ናችሁ ብዬ አስባለሁ። እዚህ በረዶው ከጓሮው ገና አልለቀቀም፤ እናትሽ ግን የቲማቲም ችግኟን መስኮቱ ሥር ደርድራ እንደ ጨቅላ ታባብላለች። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው መኪናዋ ናት።

የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። በጁን መጥተሽ መኪናዋን ነድተሽ ትወስጃለሽ የተባባልነውን ለጊዜው እርሺው። ቲኬት ቆርጠሽ ከሆነም ሰርዢው። ልጄንና የልጅ ልጄን እንዲህ ያለች መኪና ውስጥ አስቀምጬ ሺህ አምስት መቶ ማይል ወደ በረሃ አልሰድም። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እናትሽ አንድ ነገር የምትፈልግ መስላ ከኋላዬ ስለምትቆም ነው። ለምን እንደምትቆም የራሴ ጥርጣሬ አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

መኪናዋን ከዋይኖ እንደገዛኋት ታውቂያለሽ። እህቱ ትነዳት የነበረችው ሰማያዊዋ ናት። እህቱ ካረፈች ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ባለፈው ኦክቶበር ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «አንድ ቀን አስቸግራ አታውቅም» አለኝ። አርባ ዓመት ከጎኔ ሆኖ ሞተር የፈታ ሰው እንዲህ ሲልሽ፣ እዚያው ፊቱ ኮፈን ከፍተሽ መመርመር ስድብ ነው። ስለዚህ ሳልከፍት ወሰድኳት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ ብርዱ ሲጠና ነገሩ ተገለጠ። ጠዋት አስነስቼ እስክትሞቅ ደጅ ላይ ስተዋት፣ ሚኒሞ ላይ፣ እግሬ ነዳጅ ሳይነካ ቆማ ስትሠራ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትልና አንዱን ትውጠዋለች። ነዳጅ ስሰጣት ጸጥ ትላለች። ስተዋት ይመለስባታል። ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫው መብራት በራ።

አንቺ የመካኒክ ልጅ ስለሆንሽ ያደረግኩትን ብነግርሽ አይሰለችሽም። ለአራቱ ሲሊንደሮች እሳት የሚሰጡትን የኮይሎቹን ሶኬት በየተራ ነቀልኩ። የአንደኛውን ስነቅል ሞተሩ ይባስ ተርገፈገፈ፤ የሁለተኛውና የአራተኛውም እንደዚያው። የሦስተኛውን ስነቅል ግን ምንም አልተለወጠም። ድሮም የማይሠራ ሠራተኛ ቢቀር ማን ልብ ይለዋል? እንግዲህ የሚስተው ሦስተኛው ነው። ቀጥዬ የሦስተኛውን ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወርኩ። ጥፋቱ የኮይሉ ከሆነ ከኮይሉ ጋር ይሄዳል። አልሄደም። ካንዴላዎቹንም እንዲሁ አለዋወጥኩ። ያው ሦስተኛው ላይ ቁጭ አለ። የእኔ አሠራር ዱሮም ይሄው ነው፦ የጠረጠርኩትን ዕቃ ቦታ እቀይርለታለሁ፤ ጥፋቱ አብሮት ከሄደ ተያዘ፣ ካልሄደ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ሰውንም እንዲህ መፈተን ቢቻል ስንት ነገር በቀለለ።

ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋ ጥፋት ብዙ ጊዜ የአየር ጉዳይ ነው። አየር ማስገቢያው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ የካርቡሬተር ማጽጃ ጢቅ ጢቅ አደረግኩ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። ያዝኩሽ አልኳት። ማሸጊያው ጎማ ደርቋል፤ ብርድ ሲሆን ይኮማተርና አየር ይሰርቃል። ፈታሁት፣ አዲስ ገጠምኩ፣ መብራቱ ጠፋ። ሦስተኛውም እንደ ወንድሞቹ መሥራት ጀመረ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን መንቀጥቀጡ አልሄደም።

ጆሮዬ ከደከመ ቆየ፤ ሞተር የምሰማው በመዳፌ ነው። ቀኝ እጄን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ የቀረውን እጄ ይነግረኛል። እኔና ዋይኖ ይሄን «ምት መያዝ» እንለው ነበር። ማሽን ከመሰካታችን በፊት ምት እንይዝ ነበር፤ ተሳስተን አናውቅም። አሁን ምት ስይዝ ያው መንቀጥቀጥ ይሰማኛል፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ። እጄን አንስቼ በእጅ ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። መልሼ ሳሳርፈው ይመጣል። ሚኒሞ ላይ ብቻ ማለት ነው። ስነዳትም እንደዚያው ነው፦ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እጄ ጭኔ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፣ ማርሽ ሳስገባ ይጠፋል። ደግሞ የሚገርምሽ በግራ እጄ ስይዝ አይሰማኝም። ስለዚህ ጥፋቱ በቀኝ በኩል ነው ብዬ በዚያ በኩል የሞተሩን መቀመጫ ጎማ ቀየርኩ። ምንም። የግራውንም ቀየርኩ። ምንም። የጭስ ማውጫውን ማንጠልጠያ ሳይቀር አጠበቅኩ።

እናትሽን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ገበያ ስንሄድ መብራት ላይ ቆምንና፣ «ይሄው፣ ተሰማሽ?» አልኳት።

«ሬይኖ፣ እኔ ምንም አይሰማኝም።»

«የአንቺ ወንበር ለስላሳ ስለሆነ ነው።»

«እሺ፣ ሳሎን ስትቀመጥ ጋዜጣህ የሚንኮሻኮሸውስ? እዚያም ሞተር አለ?»

«ማሞቂያው አየር ይነፋላ።»

መስኮቱን ማየት ጀመረች። እናትሽ ክርክር ስትተው ያስፈራኛል። ሃምሳ ዓመት በትዳር ስንኖር ሳትረታ የተወችው ክርክር ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ ሁሌም የማላውቀው ነገር ይዛ ነበር።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልምጣ። ከስድስት ሳምንት በፊት ከምድር ቤት ስወጣ እናትሽ ኩሽና ውስጥ ስልክ ይዛ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይ ዋይኖ፣ ገና አያውቅም» ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ቢደክምም ስሜ የሌለበት ወሬ ስለ እኔ መሆኑን ለመለየት አያቅተውም። ስገባ፣ «እሺ፣ ስለ ችግኙ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ዋይኖና ችግኝ! ያ ሰው አረም እንኳ ጓሮው በቅሎለት አያውቅም።

ምንድን ነው ገና የማላውቀው? መኪናዋ ተጋጭታ ነበር? ጎርፍ ውስጥ ገብታ ነበር? ዋይኖ ያውቃል፣ ለእናትሽ ነግሯታል፣ ሁለቱ እኔን እንዴት እንደሚያረጋጉኝ ይመካከራሉ። ሌላ ምን ይሆናል? ኩሽና ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ደግሞ ሜይ 9 ላይ «ማርኬት፣ 10፡30» ብላ ጽፋለች። ምንድን ነው ስላት «ለዓይን ነው» አለችኝ። የማን ዓይን? መነጽሯን ባለፈው ዓመት አይደል እንዴ ያሠራችው። ማርኬት ከተማ ውስጥ የመኪና ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ቢሮ እንዳለ አውቃለሁ።

ዋይኖን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ነበር፣ የእሱ ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ የሚሞቀው የላብ ክፍሉ ውስጥ፤ እኔ ከላይኛው እርከን እሱ ከታችኛው ተቀምጠን። ማዕድን ማውጫው ውስጥ አብረን ከሠራንበት ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜን እዚያ ሳንቀመጥ ያለፍነው አጋዘን አደን ስንወጣ ብቻ ነው።

«ዋይኖ፣ ያቺ መኪና ተጋጭታ ታውቃለች?» አልኩት።

«አታውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያንቀጠቅጣት?»

እኔን ትቶ ጉልበቴን አየ። ቀስ ብሎ፣ «ሬይኖ፣ በርዶህ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳውና ውስጥ ነው ይሄን የሚለኝ፣ አይሊ። ድንጋዩ ፍም መስሎ፣ ላብ ከአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ። የሚያፌዝብኝ መሰለኝ፤ ወሬ ለማስቀየር ሌላ ነገር አጥቶ። ፎጣዬን እንኳ ሳልይዝ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አምስት ቅዳሜ አልፏል፣ አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ምድር ቤት ሆኜ የለም አስባልኩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ፎጣዬን አጥቦና አጣጥፎ ለእናትሽ ሰጥቷት ሄደ። የሚሸፋፍነው ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው።

የሳተውን ሲሊንደር እቀበልለታለሁ። ጎማው በብርድ ነው የሚኮማተረው፤ እሱ የሸጠልኝ በኦክቶበር ስለሆነ ላያውቅ ይችላል። ይሄኛውን ግን አልቀበለውም። ሐሙስ መኪናዋን ብሪጅት ጋ እወስዳታለሁ። ጋራዡን ከእኔና ከዋይኖ የገዛችው ብሪጅት ናት፤ ታስታውሻታለሽ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብራን የሠራችው። እሷ የማንም ወገን አይደለችም፣ አዲስ ማሽንም አላት። ውጤቱን ይዤ በቀጥታ ዋይኖ ቤት እሄዳለሁ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት እወጣለሁ። አርባው ዓመትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቅር። ይሄን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ እንዳይመስልሽ። ወንድም የለኝም፤ ያለኝ እሱ ነበር።

ለካስ ጽሑፌ እንደገና አንሷል። የልደት ካርድሽን ጉንዳን የሄደበት ይመስላል ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ባንክ ቤቱ በነፃ ያደለው ብዕር ነው፤ ቀለሙ አይወርድለትም። እናትሽ የፖስታውን አድራሻ እኔ ልጻፈው ትለኛለች። ቤቱን ለቀሽ ከወጣሽ ጀምሮ አድራሻሽን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አሁንም እኔው ነኝ አልኳት። ሐሙስ የሆነውን ጨምሬበት እልክልሻለሁ።

እሑድ፣ አፕሪል 13

ይኸው ተመለስኩ። ከላይ ያለውን ደግሜ አነበብኩት፤ ቀድጄ ልጥለውም አሰብኩ። ግን አንቺን ዋሽቼሽ አላውቅም፤ ያሰብኩትን እንዳሰብኩት እወቂው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ብሪጅት ጋ ገባሁ። የእኔን የድሮ ቁምሳጥን አሁንም አላነሳችውም፤ መፍቻዎቼ ሳይቀሩ አሉበት። «አለቃ፣ ምን ይዘህብኝ መጣህ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር እስከ መቀመጫ ጎማው። ማሽኗን ሰካች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ እስኪሞቅ ጠበቀች። እስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አራቱም ሲሊንደር ላይ አንድም የሳተ ምት የለም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

«ማሽንሽ ያስባል እንጂ አይዳስስም» አልኳት።

«እሺ፣ አንተ ዳስሰው። ቆሜያለሁ።»

ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አልኩ። በዚያ ሰዓት ከወዲያ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ተነስቶ ቤቱን በድምፅ ሞላው። ቀኝ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ምት ያዝኩ። ወዲያው መጣ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ።

«ይሄው» አልኳት። «ይሄው፣ አሁን። ነይ አንቺም እጅሽን አድርጊ። ዋይኖን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይሄን ሳያውቅ አልሸጠልኝም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ብሪጅት ከጎኔ አልነበረችም፤ በሾፌሩ በር በኩል ቆማለች። ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

«አለቃ» አለችኝ፣ «ካጠፋኋት ቆይቷል።»

ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሞተሩ ጸጥ ብሏል። እጄ ግን ሞተሩ ላይ እንዳለ ነው፤ መንቀጥቀጡም እጄ ላይ ነው።

ያደረግኩትን ልንገርሽ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለኝ ነው። እጄን ከሞተሩ አነሳሁና ከጎን ያለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አሳረፍኩት። ቦታ ቀየርኩለት ማለት ነው። አብሮ ሄደ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ጽፌልሻለሁ፣ እዚህ አልደግመውም።

ብሪጅት ጥሩ ሰው ናት። አላየሁም ብላ መፍቻ ለመፈለግ ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ዋይኖ ባለፈው ወር መጥቶ ነበር» አለች። «ስለ መኪናዋ አልነበረም። ‹ሬይኖ እዚህ ሲሠራ እጁን አይተሽው ታውቂያለሽ?› ብሎ ነው የጠየቀኝ። አላየሁም አልኩት። አይቼ ነበር።» ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ሥር ጨርቋን አንስታ እጇን ስትጠርግ ቆየች፤ እጇ ንጹሕ ነበር።

ማርኬት ያለው ጠበቃ አይደለም፤ የነርቭ ሐኪም ነው። ቀጠሮውን የያዙት እናትሽና ዋይኖ ናቸው። ማታ እናትሽን ስጠይቃት አልካደችኝም። «ራስህ እስክትደርስበት ጠበቅኩህ፤ ካልነኩት የማታምን ሰው ነህ» አለችኝ። እኔ ግን ነክቼውም አላመንኩም ነበር። ስንት ሞተር በዚህ እጅ ፈርጄ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ቆጠርኩ። ፈርቻለሁ፣ አይሊ። ለእናትሽ አላልኳትም፤ ለአንቺ ብያለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ፎጣዬን ይዤ ዋይኖ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቁልፉን ልትመልስልኝ ነው?»

«መኪናዋ የልጄ ናት፤ ምን አገባህ?»

«እኔማ እንድትገባ ነው የከፈትኩልህ። ብርዱ ቤቴ ገባ።»

ገባን። እሱ ከታች እኔ ከላይ፣ እንደ ድሮው። ያሰብኩት ይቅርታ ረጅም ነበር፤ መኪና ውስጥ እያለሁ ቃሉን ሁሉ አሰናድቼው ነበር። እዚያ ስቀመጥ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ ፎጣውን ከላዩ አንስቼ ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት፤ እንዲያየው። ሁለታችንም አየነው። ላብ ከአፍንጫዬ ይንጠባጠባል፣ ድንጋዩ ፍም መስሏል።

«ዋይኖ» አልኩት፣ «በርዶኛል።»

«አውቃለሁ» አለኝ። ጭልፋውን አነሳና ድንጋዩ ላይ ውኃ ጨመረልኝ። እንፋሎቱ ሲነሣ ተነሥቶ ላይኛው እርከን ላይ ከጎኔ መጣ። አርባ ዓመት ከታች የሚቀመጠው የላይኛው ስለሚያፍነው ነው። እስኪበርድ ድረስ አልወረደም።

አሁን አንቺ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቲኬቱን ሰርዢ ያልኩትን ተይው። እንዲያውም ከቻልሽ በጁን ሳይሆን ከሜይ 9 በፊት ነይ። እናትሽ ወደ ማርኬት የሚወስደውን መንገድ መሃሉን ይዛ ነው የምትነዳው፤ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ይጠብቃት ይመስል። አንቺ ንጂልን። እኔ ከኋላ ማሪሶል አጠገብ እቀመጣለሁ። ሲመሽ ደግሞ ምት አያያዝ አሳይሻለሁ፤ ግራ እጅሽን ነው የምትጠቀሚው፣ አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ። እጅሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ፣ እኔ ምን እንደሚሰማሽ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ። ያን ያህል ጊዜ ይኖረናል።

መኪናዋን ይዘሽ ስትመለሽም መንገድሽ ደረቅ ይሁን፣ ከፊትሽ አጋዘን አይግባ፣ ማሪሶልን እንቅልፍ ይዟት ድፍን ክልል ሳትነቃ ትሻገር። ባልሽንም ሳሚልኝ፤ ቃሪያውን ይዞ ይምጣ፣ እናትሽ ሞክራ ታልቅስ። ስለ መኪናዋ ምንም አታስቢ። እጄን ሳይሆን የብሪጅትን ማሽን ይዤ ነው የምነግርሽ። መኪናዋ ደህና ናት።

አባትሽ፣
ሬይኖ

የፖስታውን አድራሻ የጻፈችው እናትሽ ናት፤ ስጠኝ ሳትለኝ እኔው ነኝ የሰጠኋት። ብዕሩም ምንም አልሆነም፣ ቀለሙ በደንብ ይወርዳል።